ቀረፋ ነው፣ አይደል?

ደግሞ እኮ ይስቅ ነበር፣ አንጀቷን የሚበላት እሱ ነው፣ ጠዋት ከመኪናው ወርዶ የጓሮውን በር በጉልበቱ ገፍቶ ሲገባ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር፣ ማርሊስ፣ ማርሊስ፣ ነይ ውጪ፣ ቀረፋ ድብ ጣልኩ፣ ነይ እይልኝ፣ እሷም ለዛሬው ስብሰባ የምታነበውን ንግግር ግማሽ ላይ ጥላ፣ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ባሏን ኦሪንን ተከትላ ወጣች፣ ምናለ ያኔ እግሬን በሰበረው። ወጣች። አየች። አየችለት።

አሁን ደግሞ እዚህ ተቀምጣለች፣ የቢቨር ፎርክ የእሳት አደጋ አዳራሽ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ቂጥ የሚያደነዝዝ ታጣፊ ወንበር፣ ለሰው ቦታ እንዲለቅ ቀዩን መኪና ውጭ አውጥተው አቁመውታል፣ ዲዝሉ ግን ሽታውን ጥሎ ሄዷል፣ ከብት አርቢው ከነጭቃ ጫማው፣ የትምህርት ቤቱ ሰው፣ የነዳጅ ማደያዋ ሴትዮ፣ አገሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ መጥቷል፣ ፊት ለፊት ከሞንታና ዋና ከተማ የመጡት የመንግሥት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ውሃቸውን ይጠጣሉ። ጥያቄው አንድ ነው። የግሪዝሊ ድብ ጥበቃ ይነሳና እንደ ድሮው በፈቃድ ይታደን፣ ወይስ ማንም እንዳይነካው ይቆይ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ። ስምህ ሲጠራ ተነስተህ ትናገራለህ። የሷም ስም ይጠራል፣ ራሷ ናት ያስመዘገበችው፣ ማንን ትረግማለች።

ዴልበርት ነው አሁን የሚናገረው፣ ጎረቤታቸው፣ ማይክሮፎኑን እንደ ጥጃ አንገት ጨምድዶ ይዞታል፣ እኔ ድብ አልጠላም፣ ይላል፣ ድብ ነው እኔን የጠላኝ፣ አዳራሹ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ። የከተማ ሰው ድብን በፖስታ ካርድ ነው የሚያውቀው፣ እኔ በበረቴ ነው የማውቀው፣ በዚህ ጸደይ ብቻ ስንት ጥጃ ከነእትብቱ አጣሁ፣ እሺ ጥጃውስ ይቅር፣ የልጄ ልጅ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትጠብቅበት ቦታ ላይ ኩሱን አየሁት፣ ትኩሱን፣ እንፋሎቱ ሳይቆም፣ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሕፃኗን ጠመንጃ ላስይዛት፣ ንገሩኛ። አሁን ማንም አይስቅም። እውነቱን ነው። ማርሊስ ያቺን ልጅ ታውቃታለች፣ ድቡ ሰምቶ እንዲሸሽ ቦርሳዋ ላይ ቃጭል አንጠልጥለውላታል፣ ልጅ እንደ ፍየል ቃጭል አስረው ትምህርት ቤት የሚልኩበት አገር፣ እውነቱን ነው፣ ይሄንንም በንግግሯ ውስጥ ጽፋዋለች፣ ቃጭሏን።

ወረቀቱን ታያለች። ፊደሉ ይታያል፣ ነገሩ አይታይም። የዚህ አገር አዳኝ የሚመታውን ያውቃል፣ ይላል። እሷ ናት የጻፈችው፣ ዛሬ ጠዋት፣ በራሷ እጅ፣ ይሄን ጽፋ ነጥቡን ስታሳርፍ ነው ከላይ፣ ከተራራው ጥግ፣ ተኩሱን የሰማችው፣ አንዲት ጥይት፣ ከዚያ ጸጥ፣ ጎሽ ኦሪን፣ አለች፣ ጎሽ፣ እጁ ዛሬም አልዛለም። ምኑ ነው ጎሹ፣ አንቺ ደነዝ።

ቀረፋ። ጥቁር ድብ ሁሉ ጥቁር አይደለም፣ ቡናማም አለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላም አለ፣ የዚህ አገር ሰው ቡናማውን ጥቁር ድብ ቀረፋ ይለዋል፣ ቀረፋን በጸደይ መምታት ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ ገዝተህ ትወጣለህ፣ ግሪዝሊ ግን ቡናማ ቢሆንም ሌላ ፍጥረት ነው፣ እሱን የነካ ወየውለት፣ እና ይሄን ልዩነት ለቢቨር ፎርክ ሰው ማን ነው የሚያስተምረው? እሷ! በየዓመቱ፣ በዚሁ አዳራሽ፣ አዲስ አዳኝ የሆነ ሁሉ በሷ እጅ ነው የሚያልፈው፣ የፕላስቲክ የድብ መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ ቀለም ይዋሻል ትላቸዋለች፣ ሻኛ አይዋሽም! ብለው ይቀበሏታል፣ አልሰማሁም፣ ሻኛ አይዋሽም! ትከሻው ላይ እንደ በሬ ሻኛ ካለው፣ ፊቱ መሀሉ ላይ ሰርጎድ ካለ፣ ጆሮው አጭርና ክብ ከሆነ፣ የፊት እግሩ ጥፍር እንደ ሰው ጣት ከረዘመ፣ ጣትህን ከቃታው ላይ አንሳ፣ ቤትህ ግባ፣ ሾርባህን ጠጣ። ዴልበርትን አስተምራዋለች። የማደያዋን ሴትዮ አስተምራታለች። ያላስተማረችው አንድ ሰው ቢኖር ባሏ ነው፣ እሱማ ጥንቱንም ያውቃል፣ እሷን ራሷን ያስተማራት ማን ሆነና።

ጠዋት መኪናው ላይ የነበረውን ሸራ ገለጠላት። መጀመሪያ ያየችው ሻኛውን ነው፣ በጎኑ በተኛ እንስሳ ላይ እንኳ ጉብ ብሎ፣ ጸጉሩ ጫፍ ጫፉ ላይ ውርጭ እንደነካው ነጣ ብሎ፣ ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ ጆሮው፣ በተራ በተራ፣ ልክ እንደምታስተምረው፣ ኧረ የአምላክ ያለህ፣ አለች በሆዷ፣ ከዚያ ጡቶቹ፣ ጡቶቿ፣ ሴት ናት፣ አብጠዋል፣ ዙሪያቸው ያለው ጸጉር በሚጠባ ነገር ምራቅ ተጣብቋል፣ እጇ ሳታዘው ሄዶ ነካ፣ ወተት፣ ነጭ፣ ሱሪዋ ላይ ጠረገችው። እዚሁ ነው፣ ጭኗ ላይ፣ ከወረቀቱ ሥር፣ ደርቆ ገግሟል፣ በጥፍሯ ትፍቀዋለች አይለቅም።

ቀረፋ ነው፣ አይደል? አላት።

እም፣ አለችው።

እም! እም ምንድን ነው? ቃል ነው? ሰው እም ብሎ ይዋሻል? አይደለም ማለት አቅቷት ነው ወይስ አዎ ማለት፣ ዝም ብትል እንኳ ይሻል ነበር፣ ዝም ያለ ሰው አላየሁም ሊል ይችላል፣ እም ያለ ግን አይቷል። እሱም እፎይ አለ፣ ወይም እፎይ ያለ መሰላት፣ በል ልብስህን ቀይር ደም ነክቶሃል፣ አለችው፣ ስለ ልብስ ነው ያወራችው!

ምን ታድርግ፣ ዓይኑ ነዋ። የኦሪን ዓይን መሀል መሀሉን ካጣ ሰነበተ፣ ጠርዝ ጠርዙ ይታየዋል፣ መሀሉ ጉም ነው፣ ከሐኪሙና ከሷ በቀር ይሄን የሚያውቅ የለም፣ እንዲታወቅበት አይፈልግም፣ ሽማግሌ ነው ይበሉኝ እንጂ ዕውር ነው እንዳይሉኝ፣ ባርኔጣሽ ይታየኛል አንቺ ግን የለሽም፣ ፊትሽን የት አስቀመጥሽው፣ ይላታል እየቀለደ፣ ጓዳ ገብታ ታለቅስና ወጥታ፣ ባርኔጣዬ ይበቃሃል፣ ትለዋለች። ደረጃ ሲኖር ክርኑን ጫን ታደርገዋለች፣ አንዴ ከሆነ ወደ ላይ፣ ሁለቴ ከሆነ ወደ ታች፣ ማንም አያስተውልም። ሰው ሲመጣ ቀድማ ስሙን ትጠራለታለች፣ ኦ ዴልበርት፣ እሱም ተከትሎ ኦ ዴልበርት፣ ይላል፣ ምግብ ቤት ሲገቡ ያለውን ምግብ ለራሷ እንደምታነብ ሆና ጮክ ትላለች። እይልኝ ይላታል፣ ታይለታለች። ለአደንም ሁልጊዜ አብረው ነው የሚወጡት፣ በአቅርቦ ማያው መነጽር የምታየው እሷ ናት፣ አሁን ስትለው ነው የሚተኩሰው። ዛሬ ግን ንግግር ነበረባት፣ የዚህ አገር አዳኝ የሚመታውን ያውቃል የሚል ንግግር፣ በል ሂድ እሺ፣ የተራራውን መንገድ እጅህ ያውቀዋል፣ አለችው፣ ቅርብ ካልሆነ ግን እንዳትተኩስ፣ ቅርብ ነበር አላት ሲመለስ፣ የት፣ እዚያ ላይ፣ እዚያ ላይ የት፣ የአደን ቦታዬን ለሚስቴ ተናግሬ ልሙት እንዴ፣ አለና ሳቀ።

ጭብጨባ። ዴልበርት ተመልሶ ከጎኗ ዘጭ ይላል፣ ወንበሩ ሲጢጥ ይላል፣ እንዴት ነበርኩ፣ ጥሩ ነበርክ፣ ላብ በላብ ሆንኩ እኮ፣ ያንቺን ነው የምጠብቀው፣ አንቺ ከተናገርሽማ አለቀላቸው፣ አንቺን ማን ይከራከርሻል፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ይላል፣ ኦሪን ቀረፋ ጣለ አሉ፣ ማደያው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው፣ ትልቅ ነው አሉ፣ ደህና ነው፣ ትላለች፣ ኧረ በጣም ትልቅ ነው አሉ፣ ሻኛ ነገር የለውም አይደል፣ ይላል፣ በራሱ ቀልድ ይንፈቀፈቃል፣ ኖረው አልኖረው ሦስቱን ትእዛዛት ታውቂያቸዋለሽ፣ በጣቶቹ ያሳያታል፣ ምታ፣ ቅበር፣ ዝም በል።

እየቀለደ ነው። እየቀለደ ነው? የአገሩ ቀልድ ነው፣ በየመጠጥ ቤቱ በየከብት ገበያው የሚባል፣ ክፍሏ ውስጥ ይሄን ቀልድ ያነሳ ተማሪ ካለ ወንበዴ ነህ እንጂ አዳኝ አይደለህም ብላ ታስወጣዋለች፣ አሁን ግን፣ እስቲ እይው አእምሮዋ የሚያስበውን፣ ትራክተሩ ነዳጅ አለው፣ ከበረቱ ጀርባ መሬቱ ከበረዶው ለቋል፣ ይቆፈራል፣ ለኦሪን ውሾቹ ቆዳውን ቦጫጨቁት ትለዋለች፣ ያምናታል፣ ምን አይቶ ይጠራጠራል። ምን አይቶ! ወይ ጉድ፣ ይሄን ያሰብኩት እኔ ነኝ? በዓይኑ ጉም ልነግድ፣ እኔ ማርሊስ።

ካልቀበረችው ደግሞ ሰሞኑን ቆዳውንና ራስ ቅሉን ለቁጥጥር ማቅረብ አለበት፣ ሕጉ ነው፣ የሚያየውም ሩበን ነው፣ ያውና በሩ ጋ ቆሟል፣ የአካባቢው የድብ ኃላፊ፣ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ሰው፣ ከጥጃ በረት ወደ ንብ ቀፎ፣ ከንብ ቀፎ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ድብ ተከትሎ ሲሮጥ የሚውል፣ በወጥመድ ይዞ ሩቅ ተራራ ወስዶ የሚለቅ፣ ግማሹ አገር ድብ አፍቃሪ እያለ ግማሹ ድብ ገዳይ እያለ የሚሰድበው። አንዴ ያየዋል፣ በቃ። ኦሪን ፍርድ ቤት ይቆማል፣ ጠመንጃው ይወሰዳል፣ እሱስ ይሁን፣ እንዴት አላየህም ሲሉት ምን ይመልሳል፣ ሕዝብ ፊት፣ እንዴት አላየህም? ቀድሞ ራሱ የተናገረ ግን ይቀልለታል፣ ይሄንንም የምታስተምረው እሷ ናት፣ ተሳሳትክ? ስልክ አንሳ፣ እዚያው፣ ያኔውኑ። እሺ እናስ? ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ ቀስ ብላ ትነግረዋለች፣ ቤታቸው፣ ማንም ሳይሰማ፣ ነገ ሩበን ጋ አብራው ትሄዳለች፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል።

ይጥራ። ደቦሎቹ ግን አያድሩም።

ደቦሎቹ። አንድ ይሁኑ ሁለት አታውቅም፣ በዚህ ወር ከድመት እምብዛም አይበልጡም፣ እናታቸው ቆዩ ካለቻቸው ቦታ አይነቃነቁም፣ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ተኩሱ ጸጥ ካለ በኋላ ትመጣለች ብለው፣ ደሟን እያሸተቱ፣ ወንድ ድብ ካገኛቸው ይበላቸዋል፣ ሬዲዮው ደግሞ ዛሬ ማታ በረዶ ይጥላል ብሏል፣ በግንቦት፣ የዚህ አገር ግንቦት መቼ ግንቦት ሆኖ ያውቃል። በመስኮቱ ታያለች፣ ገና ብርሃን ነው፣ ተራራው አናቱ ላይ ግራጫ ለብሷል። ገና ጊዜ አለ። ጊዜ የለም። ለምንድን ነው ታዲያ እዚህ የተቀመጠችው?

ቨርና ተነስታለች፣ ከሰሜን፣ ከብላክፊት ነባር ተወላጆች ምድር የመጣች ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ቁመቷ ዝቅ ታደርጋለች፣ አትቸኩልም፣ እናንተ ስንት ይገደል ነው የምትሉት፣ ትላለች፣ እኛ ቤት ጥያቄው ከዚያ አይጀምርም፣ ዘመድ ነው፣ ዘመድ ያስቸግራል አውቃለሁ፣ እኔም አስቸጋሪ ዘመዶች አሉኝ፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ቤት ያፈራውን ጠራርጎ በልቶ ይሄዳል፣ ሰው ይስቃል፣ ቢሆንም ማን ይግደለው ተብሎ በዘመድ ላይ ዕጣ አይወጣም። ለሷማ ቀላል ነው፣ ይላል ዴልበርት ለማርሊስ፣ ጥጃ የላት። ጥጃ አለን ጌታዬ፣ ትላለች ቨርና ሳትዞር፣ ጆሮዬም ደህና ነው። ሳቅ፣ ዴልበርት ሳይቀር። ቨርና ግን አትስቅም፣ እናት የገደላችሁ ቀን አንድ ድብ አይደለም የገደላችሁት፣ ትላለች፣ ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም፣ አመሰግናለሁ። ትቀመጣለች፣ ሰዓቷ ገና ሳያልቅ።

ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም፣ ዝም ብላ ነው የተናገረችው፣ ለሁሉም ነው። ልክ ናት። ዴልበርትም ልክ ነው። ይሄ ነው እኮ ጣጣው፣ አንዳቸው ቢሳሳቱልኝ ምናለበት፣ ማርሊስ አደን ወዳጅ ናት፣ ተራራውን የምታውቀው በአደን ነው፣ ጫካውን የሚጠብቀው ገንዘብ ከአዳኝ ፈቃድ እንደሚመጣ ታውቃለች፣ ለሚበላው ሥጋ ደሙን በእጁ የነካ ሰው ሥጋን ያከብራል ብላ ታምናለች፣ አንዲት ግሪዝሊም ታውቃለች፣ ባለፈው በጋ ነው፣ አጥር ስትጠግን፣ ከላይ ሜዳው ላይ ሥር ስትቆፍር አየቻት፣ ሣሩን እንደ ምንጣፍ እየገለበጠች፣ ሆዷ እንደ ሴትዮ ሆድ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀና አለችና ተያዩ፣ ማርሊስ መዶሻውን እንደያዘች ቀረች፣ ፈራቻት፣ ወደደቻት፣ ከጥጆቼ ራቂልኝ አለቻት፣ ብቻ እንዳትጠፊብኝ አለቻት፣ በአንድ ትንፋሽ። የትኛው ነው እውነቱ? ሁለቱንም ሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ይናገሩታል? እሷው ትሆን መኪናው ላይ የተኛችው? ሌላም ልትሆን ትችላለች። እሷው ናት። አላውቅም። አሁን ብናገር ነገ ጋዜጣው የአዳኞች አስተማሪ ባል ይላል፣ እነ ቨርና ይኸውላችሁ ይላሉ፣ ዴልበርት ሸጥሽን ይለኛል፣ ባልናገር ደግሞ ይሄን ወረቀት ማንበብ አለብኝ፣ የሚመታውን ያውቃል እያልኩ፣ ጭኔ ላይ ወተት ይዤ።

በሩ ይከፈታል። ኦሪን ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቁልፉን አንድ ዝቅ አድርጎ ነው የቆለፈው፣ የሸሚዙ አንዱ ጎን ከሌላው ረዝሞ ወርዷል፣ ማነው መኪና የነዳለት፣ በዋናው መንገድ ራሱ ነድቶ እንዳይሆን፣ በግድግዳው በኩል በጣቶቹ ጀርባ እየታከከ ይገባል፣ አንዱ ትከሻውን መታ ያደርገዋል፣ ቀናህ አሉ ኦሪን፣ አንተ ጅብ፣ ለኛም አታስተርፍ፣ ኦሪን ማን እንደሆነ አላወቀም፣ ይስቃል። ትልቅ ሳቅ። እስከ ሁለተኛው ረድፍ ይሰማል።

ያው ሳቅ ነው፣ የጠዋቱ።

ቆይ። ቆይ እንጂ። ኦሪን መቼ ነው ደስ ሲለው የሚስቀው? ደስ ሲለው ዝም ነው የሚለው፣ ያን ታላቅ አጋዘን የጣለ ለት ቃል ሳይተነፍስ ሽንኩርት ሲልጥ ነው ያመሸው፣ የሠርጋቸው ቀን እንኳ ታመምክ ወይ እስኪሉት ዝም ብሎ ነው የዋለው፣ የሚስቀው ሲፈራ ነው፣ ሐኪሙ ስለ ዓይኑ የነገረው ቀን ከክሊኒኩ እስከ ቤት ድረስ እየሳቀ ነው የመጣው፣ እሷ እየነዳች፣ እሱ እየሳቀ። እጁስ? ሸራውን ሲገልጥ አንድ እጁ የት ነበር? መዳፏ ላይ፣ የድቢቱ መዳፍ ላይ፣ አውራ ጣቱ ጥፍሯን ከሥር እስከ ጫፍ፣ ተመልሶ ከሥር እስከ ጫፍ፣ እሷ ደስታ መስሏት፣ እየለካ ነበር! ጣት እንደሆነ መሀሉ አይጠፋበትም። ያውቃል። ሲነካት ጀምሮ ያውቃል፣ ስለዚህ ነው እየሳቀ የመጣው፣ ስለዚህ ነው የጠየቃት፣ መቼ ነው ኦሪን የመታውን እንስሳ ምንድን ነው ብሎ ሰው የጠየቀው? አይደል ብሎ የጠየቀ ሰው አይደለም በይኝ እያለ ነበር፣ ራሱ ሊለው አቅቶት፣ በሷ አፍ ሊሰማው ፈልጎ፣ ዓይኔ ነሽ ይላት የለ፣ እሷ ደግሞ እም። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው፣ ማርሊስ፣ ግንባር ነሽ አንቺ። ከዚያ ማደያው ሄዶ ቀረፋ ጣልኩ ያለውም እምን ይዞ ነው፣ ሚስቱ አይታለታለቻ፣ የአገሩ አስተማሪ፣ ቀኑን ሙሉ ያቺን ቃሏን ተደግፎ ሲስቅ ውሏል።

ወይዘሮ ማርሊስ ሃውገን፣ ይላል የጠረጴዛው ሰው፣ እርስዎ ነዎት ቀጥሎ።

በያቸው፣ ይላል ዴልበርት፣ ጉልበቱን አጥፎ ያሳልፋታል። ወረቀቱ ከጭኗ ወርዶ መሬት ላይ ይቀራል፣ አታነሳውም። ማይክሮፎኑ የቨርና ቁመት ላይ ነው፣ ከፍ ልታደርገው ትፈልጋለች፣ ይጮኻል፣ ትተወዋለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ የሰዓት መቁጠሪያዋ አረንጓዴ መብራት በርታለች።

ማርሊስ ሃውገን እባላለሁ፣ ከዚሁ ነኝ፣ ግማሻችሁን አስተምሬያችኋለሁ፣ የቀራችሁትን እናቶቻችሁን። ሳቅ። ስለ ሕጉ ልናገር ነበር የመጣሁት፣ አሁን ግን ስለ ሕጉ ምን እንደማስብ አላውቅም፣ ነገ ጠይቁኝ፣ ነገም ላላውቅ እችላለሁ። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሰው ይተያያል። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር፣ ትላለች፣ እና ድምፅዋ የሷ አይመስላትም፣ መልሴን ላርም ነው። በሩ ጋ ኦሪን ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጓል፣ እሷን ማየት ሲፈልግ እንደሚያደርገው፣ በዓይኑ ጠርዝ፣ ዛሬ ባርኔጣ አላደረገችም፣ ምኗን ያያል፣ ድምፅዋን ብቻ ነው ያለው።

አይደለም፣ ኦሪን።

አዳራሹ አልገባውም። የሚገባው ሰው አንድ ነው፣ እሱ አይስቅም። አይደለም፣ ትላለች ደግማ፣ ቀረፋ አይደለም፣ ግሪዝሊ ናት፣ ወተት አላት። ልጆቿ እዚያ ላይ ናቸው፣ በረዶው እየመጣ ነው፣ ጠዋት መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም።

ማንም አያጨበጭብም። ከኋላዋ ወንበር ይወድቃል፣ ዴልበርት ይሳደባል፣ ማንን እንደሚሳደብ ግን አይታወቅም፣ መብራቷ ገና አረንጓዴ ናት። ሩበን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቷል። የት ነው፣ ይላል፣ እሷን ነው የሚጠይቃት፣ ማርሊስ፣ የት አካባቢ ነው? አታውቅም። እዚያ ላይ ነው ያላት። እዚያ ላይ የት እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ኦሪን ባርኔጣውን ያወልቃል። በእጁ ያዞረዋል፣ ጠርዙን እየዳሰሰ፣ ከዚያ ድምፁን አጥርቶ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከሰማችው ሁሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቦታውን እኔ አሳያችኋለሁ፣ ይላል።

በወንበሮቹ መሀል ወደ እሱ ትሄዳለች፣ ሰው እግሩን እየሰበሰበ ያሳልፋታል፣ ቨርናም፣ የማደያዋ ሴትዮም፣ ትደርስና ክንዱን ትይዛለች፣ ሩበን በሩን ከፍቶ ይዞላቸዋል፣ ብርዱ ይገባል፣ በረዶ በረዶ ይሸታል። ደፉ ላይ ሲደርሱ ጣቷ እንደ ልማዱ ወደ ክርኑ ይሄዳል፣ ትመልሰዋለች። አዳራሹ በሙሉ ያያቸዋል።

ደረጃ አለ፣ ትለዋለች ጮክ ብላ፣ ወደ ታች ነው።